አባቴ ሊገሯት ያሰቧት የሜዳ አህያ

እኔ አውሬ የማየት ጉጉት ኖሮኝ አያውቅም። ቆሰበር በምትባል ደጋ ከተማ ለኖረ ሰው አውሬ ማለት ጅብ ነው፤ ጅብን ደግሞ ሄጄ ልየው የሚል የለም፣ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ በአንድ የዓመት ፈቃድ ውስጥ፣ ሦስት የአውሬ ግቢ ማየቴን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሁለቱ በረሃ ውስጥ ናቸው። ጃንጥላ ይዤ፣ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ፣ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሜ፣ ሳላ የሚሉት ባለረጅም ቀንድ አውሬ ሲግጥ ቆሜ አያለሁ። አቤት የሰው ልጅ!

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። አባቴ በረሃ መኖር ይችሉ እንደሆነ ልንሞክር ነው። አባቴ አስም አለባቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ዳንግላ ላይ ጋሪ ሲነዱ ኖሩ፤ ባጃጁ መንገዱን ሲሞላው ጋሪውን ተዉት፤ እናቴ ስትሞት ደግሞ ፈረሳቸውን እየሳቡ ቆሰበር እኔ ቤት መጡ። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሆነ። ቆሰበር ብርድ ነው። ጉሙ በር ከከፈቱለት ገብቶ ከሰው ጋር ይቀመጣል። አባቴ ሲመሽ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኔ እነሣለሁ፣ ውሃ አሞቃለሁ፣ ጀርባቸውን በትራስ ደግፌ አስቀምጣለሁ፣ የሚሳበውን መድኃኒት አፋቸው ላይ እይዛለሁ፣ ሲነጋ ቢሮ እገባለሁ። ቢሮ ደግሞ የሰው ማህደር ስፈልግ ቆሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። አለቃዬ አንድ ቀን "አንቺ ሴትዮ ታመሻል እንዴ?" አለኝ። አልታመምኩም፣ አልተኛሁም ነው።

ሐኪሙ "ሞቃትና ደረቅ አገር ዘመድ የላችሁም?" ሲል ወንድሜ ትዝ አለኝ። ታናሼ ነው። የጭነት መኪና መካኒክ ነው፤ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች የአፋር ከተማ ሚስት አግብቶ፣ ሁለት ልጅ ወልዶ ይኖራል። ስደውልለት "ይምጡ እንጂ! እዚህ ማን አስም ያውቃል?" አለኝ። አባቴ ግን ኑ ስለተባሉ ብቻ አገር ለቀው የሚነሡ ሰው አይደሉም። ስለዚህ "የልጅ ልጆችዎን አይተው ይመለሳሉ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ" አልናቸው። ፈረሳቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ተነሡ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ እንዲቀሩ እፈልግ ነበር። ለጤናቸው ነው እላለሁ፤ ለጤናቸውም ነበር። ግን ደክሞኝም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሳልነሣ ያደርኩበትን ሌሊት ቁጠሪ ብባል አንድም አላገኝም። እንዲህ ብዬ ለሰው መናገር ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው፤ አባቷ ከበዷት ትባላለች። ከበዱኝ አላልኩም። ደከመኝ ነው ያልኩት፤ እሱንም ለራሴ ብቻ።

መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ነበርና ኅዳር ላይ ተነሣን። አዲስ አበባ ወንድሜ ተቀበለን። አንድ ቀን እንረፍ ብሎ፣ ማረፉ ቀርቶ፣ አንበሶች ያሉበት ግቢ ይዞን ሄደ። አባቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ከፍርግርጉ ፊት ቆሙ። አንበሳው ተኝቷል።

"ምን ይሠራል ይኼ?" አሉ።

"ምንም። አንበሳ ነው እኮ አባባ" አለ ወንድሜ።

"ምን ይበላል?"

"ሥጋ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ ይመስለኛል።"

"ወይ ዕድል!" አሉ አባቴ። "የእኔ ዳማ አሥራ አምስት ዓመት ጋሪ ጎትቶ፣ ገብስ የሚያየው በዓመት በዓል ነው። ይኼ ተኝቶ ሥጋ ይቀርብለታል።"

ዳማ የሚሉት ፈረሳቸውን ነው፤ መልኩ ቀላ ያለ ስለሆነ ነው። አባቴ እንስሳ የሚመዝኑበት ሚዛን አንድ ብቻ ነው፤ ምን ይሠራል? የማይሠራ እንስሳ አያናድዳቸውም፣ ያሳዝናቸዋል። ከግቢው ስንወጣ "ምስኪን" ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እግሬ ተልጦ ስለነበር ታክሲ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የበረሃዋ ከተማ በማግስቱ ከሰዓት ገባን። ሙቀቱ እንደ ጋለ ምጣድ ፊት ይገርፋል። የወንድሜ ሚስት ግቢው ውስጥ ዳስ ሠርታ፣ አልጋ አውጥታ ጠበቀችን፤ ደግ ሴት ናት፣ ነገር አታበዛም። እኔ በልማዴ እሳቸው ወዳሉበት ጆሮዬን ሰጥቼ አደርኩ። ጥዋት ስነሣ አልጋቸው ባዶ ነው። ደንግጬ ስወጣ ከግቢው በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን የጭነት መኪና ያያሉ፤ ከተማዋን ዞረው መምጣታቸው ነው። ደረታቸው አያፏጭም። ቆሰበር ከቤት እስከ ቧንቧው ሦስት ጊዜ የሚያርፉ ሰው!

"እንዴት አደሩ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ድንጋይ ሆኜ አደርኩ" አሉኝ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ወንድሜን ጠቀስኩት፣ እሱም ጠቀሰኝ። እንግዲህ የቀረው "ይቅሩ" ብሎ መናገር ነው። ማን ይናገር? እኔ "አንተ ወንድ ልጅ ነህ፣ አንተ ንገራቸው" አልኩት። እሱ "አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ደግሞ አንቺን ይሰማሉ" አለኝ። እንዲህ ስንባባል ሳምንት አለፈ። ፈሪዎች ነን ሁለታችንም።

ወንድሜ መናገሩን ሲፈራ አውሬ ማሳየቱን ያዘ። "አገሩን ከወደዱት ራሳቸው ይቀራሉ" ይላል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጓደኛው ፒካፕ ተውሶ ፓርክ ወሰደን። ፓርክ የሚሉት ማለቂያ የሌለው ደረቅ ሜዳ ነው፤ እሾህ፣ አቧራ፣ ሩቅ ላይ አንድ ተራራ። ወንድሜ በየደቂቃው መኪናውን ያቆምና "ያቻት! ያቻት!" ይላል። ሳላ አየን፣ ቀንዷ ሁለት ጦር ነው። ሰጎን አየን። ከርከሮ ጅራቱን አቁሞ ሲሮጥ አየን። አባቴ ሁሉንም በተራ አዩ፤ መጨረሻ ላይ፣

"የማን ናቸው?" አሉ።

"የመንግሥት" አለ ወንድሜ።

"ጠባቂ አላቸው?"

"አላቸው እንጂ፤ በሩ ላይ ያየነው ባለጠመንጃ።"

"ሰኮናቸውንስ ማን ይጠርብላቸዋል?"

ወንድሜ ሳቀ። የወንድሜ ሚስትም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አባቴ ግን የምራቸውን ነው፤ መልስ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ሲያጡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኔ አዞ የሚታይበት ወንዝ ጋ ስንደርስ አንገቴ ተሰብሮ ተኝቻለሁ። "አዞውን ሳታዪው!" ብለው ሲቀሰቅሱኝ "ይቅርብኝ፣ እሱም እኔን አይየኝ" አልኳቸው።

ነገሩ የተለወጠው በሦስተኛው ግቢ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከወንድሜ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ፣ የተጎዱ አውሬዎች የሚጠለሉበት ትንሽ ግቢ አለ። ክንፉ የተሰበረ ንስር፣ ሰንሰለት አንገቷን ያቆሰላት ጦጣ፣ እንደ ድንጋይ ተጎልተው የሚውሉ ሁለት ዔሊዎች። በስተመጨረሻ፣ በእንጨት አጥር ውስጥ፣ አንዲት የሜዳ አህያ። ጠባቂው ሽርጥ የታጠቀ የአፋር ጎልማሳ ነው፤ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። እናቷን መኪና ገጭቶ ሲገድላት እሷ ውርንጭላ እንደነበረች፣ በጡጦ እንዳሳደጋት ነገረን። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው።

"ለምን አትለቋትም?" አለ ወንድሜ።

"መኪና አትፈራም። ብንለቃት አስፋልት ላይ ሄዳ ትቆማለች" አለ ጠባቂው።

አባቴ አልሰሙም። አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀርተዋል። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁባቸውም።

"ማነው አህያ ያላት?" አሉ።

"ስሟ ነው አባባ። የሜዳ አህያ ነው የምትባለው" አልኳቸው።

"ስሟን ያወጣው ሰው ፈረስ አያውቅም። አንገቷን እዪው፣ ደረቷን እዪው። እግሯን ስታነሣ እዪ! ይቺ ጋሪ ትጎትታለች።" ወደ ጠባቂው ዞሩ። "ሁለት ሳምንት ብትሰጠኝ ልጓም አጉርሼ ገበያ እወስድልሃለሁ።"

ጠባቂው ሳቀ፣ ግን በአክብሮት ነው የሳቀው። "አባባ፣ ይቺ አትገራም" አለ። "ከጥንት ጀምሮ የሞከረ ሁሉ ተነክሶ ነው የሚመለሰው።"

"ያልተገራ ሁሉ አይገራም ይባላል። ሰኮናዋን ደግሞ እየው፤ ከልክ በላይ አድጓል። መሄጃ ሲያጣ እኮ እንዲህ ይሆናል።"

ሰው ሌላ ነገር ያያል፤ መስመሯን ያያል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። የዳንግላ ባለጋሪ ሰኮና ነው የሚያየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥዋት ጥዋት እዚያ ሆነ ሥራችን። ወንድሜ ጋራዥ ይገባል፤ እኔና አባቴ በባጃጅ እንሄዳለን። እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አባቴ ከአጥሩ ሥር፣ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው፣ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የሚገሩት እንዲህ ነው። አያባርሩም፣ አይጠሩም። ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ፣ ገብስ ቆሎ ማኘክ፣ ዝም ማለት። "ፈረስ የሚቀርብህ ሳታየው ነው፤ ምን ይዞ ነው እንዲህ የኮራብኝ ብሎ ይመጣል" ይላሉ። ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገውኛ ያወሯታል።

"አባባ፣ እሷ የምትሰማው አፋርኛ ነው" ይላቸዋል ጠባቂው እየሳቀ።

"አንተ ደግሞ! ቋንቋው ምን ይሠራላታል? ጉሮሮዬን ነው የምትሰማው" ይሉታል።

እኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ አፈጣለሁ። ጸሐዩ አናቴን ይበሳኛል፣ ዝንቡ አፌ ላይ ያርፋል፣ ዔሊዎቹ አይንቀሳቀሱም። ፈቃዴ እያለቀ ነው። አንዳንዴ ንድድ ይለኛል፤ ሴትዮዋ ለእረፍት ወጥታ የአህያ ገሪ ሆና ትመለስ? ደግሞ አባቴን አያለሁ፤ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፣ ትከሻቸው ከትንፋሽ ጋር አይነሣም አይወድቅም። እንደዚህ ከሆኑ መቶ ዓመት ይቀመጡ እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን እንስሳዋ መጣች። አፍንጫዋን በአጥሩ ክፍተት አውጥታ የአባቴን አንገት አሸተተች። አባቴ አልዞሩም። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው መዳፋቸውን ከፈቱላት፤ ገብሱን ከመዳፋቸው በላች። ጠባቂው ከሩቅ "ወላሂ!" አለ። እኔም ከድንጋዬ ተነሣሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስህተቱ የመጣው በማግስቱ ነው። ፈረስ ከመዳፍህ ከበላ በሚቀጥለው ቀን ገመድ ይለምዳል፤ በአባቴ ሕግ እንደዚያ ነው። ጠባቂው ለንስሩ ሥጋ ሊሰጥ ሄዷል። እኔ ጃንጥላዬን ጉልበቴ መካከል አድርጌ ዓይኔን ከድኛለሁ። አባቴ የአጥሩን በር ከፍተው ገቡ። ገመዱን በነጠላቸው ሥር ደብቀው ይዘውት ነበር። መዳፋቸውን ዘረጉላት፣ በላች፤ በሌላ እጃቸው ገመዱን አንገቷ ላይ ጣሉ።

የነቃሁት በውሃ መጠጫዋ ባልዲ ድምፅ ነው። ባልዲው አጥሩን መትቶ ይንከባለላል። አባቴ መሬት ላይ ናቸው፤ እሷ ክንዳቸውን ከእጅጌው ጋር ነክሳ ትጎትታቸዋለች። ኡኡ ብዬ ጮህኩ። ጠባቂው እየሮጠ መጣ፣ በዱላ አጥሩን እየደበደበ አስለቀቃት፣ ጎትቶም አወጣቸው። እኔ ላያቸው ላይ ወደቅኩ። ሞቱ ብዬ ነው።

አባቴ ይስቃሉ። አቧራ ለብሰው፣ ክንዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

"አየሻት? ገመድ ታውቃለች! ጉልበቷን አየሽ?"

"አባባ ዝም ይበሉ!" ብዬ ተቆጣሁ። በሕይወቴ ተቆጥቻቸው አላውቅም። "ይኼን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን በአህያ ጥርስ ነው የምንሞተው?"

"አህያ አይደለችም" አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ነርሷ ክንዳቸውን አጥባ ስታሽግ፣ እኔ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ በግራሶ የጠቆረ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። ደህና መሆናቸውን ሲሰማ አጠገቤ ተቀመጠና፣ እንደ ልማዱ፣ "እንግዲህ ቅዳሜ ልትሄዱ ነው። ለምን አልነገርሻቸውም?" አለኝ።

"ለምን አልነገርሻቸውም" ሲለኝ አንድ ነገር ተበጠሰብኝ።

"አንተ ለምን አልነገርካቸውም? አምስት ዓመት ሙሉ ብር ላክህ፣ ደወልክ፣ 'እንዴት ናቸው' አልክ። እንዴት እንደሆኑ የማውቀው እኔ ነኝ! ሌሊት የምነሣው እኔ ነኝ! አንተ አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ትመታለህ። ደክሞኛል፣ ሰማህ? አባቴን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ደክሞኛል። አንድ ሌሊት፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ሌሊት ብቻ ሳልነሣ ማደር እፈልጋለሁ። ይዣቸው ከተመለስኩ እኔም እሳቸውም አብረን ነው የምናልቀው።"

ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ ያያል። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ክንዳቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ነጠላቸው በሌላኛው ክንዳቸው ላይ ተጥሎ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"ውሃ አላችሁ?" አሉ።

ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ጠጡ። "ሞቋል" አሉና መለሱልኝ። በባጃጅ ስንመለስ ከመካከላችን ተቀምጠው ስለ ነርሷ እጅ ቅልጥፍና አወሩ። እንዲህ ማለቴ አይደለም ልበላቸው? እንዲህ ማለቴ ነው እኮ።

ዓርብ፣ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ አባቴ "እስቲ ልሰናበታት" አሉ። ሄድን። ያን ቀን ግን አልተቀመጡም። ጠባቂውን በክንዱ ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱት። እኔ ከድንጋዬ ላይ ነበርኩ፤ ነፋሱ ወደ እኔ ስለሚነፍስ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል።

"እውነቱን ንገረኝ። ሽማግሌ አታባብል" አሉት። "ትገራለች?"

ጠባቂው እሷን አየት አድርጎ "አትገራም አባባ" አለ። "ከእጅዎ ትበላለች። ምናልባት አንድ ቀን ግንባሯን ታስነካዎታለች። ጀርባዋን ግን አትሰጥም። አያቴም አባቴም አላዩም፣ እኔም አላይም።"

"እኔም እንደዚያ መስሎኛል" አሉ አባቴ። "ገመዱን ስጥላት ዓይኗን አይቼዋለሁ።" ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው በአጥሩ ውስጥ በተኑላት። እንስሳዋ ግን አልቀረበችም። ወደ ሩቁ ጥግ ሄዳ ቆመች። አባቴም ሳይጠሯት ተመለሱ።

ምሳ ላይ ሁላችንም ዳሱ ሥር ተቀምጠናል። የወንድሜ ሚስት ትሪውን አቀረበች፤ አባቴ ባረኩ፣ ቆረሱ። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከበሉ በኋላ ማንንም ሳያዩ፣

"እኔ ነገ አልሄድም" አሉ። "ያቺን እንስሳ ጀምሬያታለሁ። ጅምር ጥሎ መሄድ የእኔ ሥራ አይደለም። ገርቼ ስጨርስ እመጣለሁ።"

ወንድሜ ፊቱ በራ። "እሰይ! ይቆዩ እንጂ አባባ፣ ቤትዎ ነው!" አለ። ምን ያውቃል እሱ? አጥሩ ጋ አልነበረም። እኔ ግን ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። የማትገራ መሆኗን ከጠባቂው አፍ ሰምተዋል፤ መስማታቸውንም እኔ ሰምቻለሁ። ዓይናቸውን ፈለግሁት። አላዩኝም።

"ስንት ጊዜ ይፈጅብዎታል?" አልኳቸው።

"እንደ ፈረስ አይደለችም። ትዘገያለች።"

"አየሩስ ተስማምቶዎታል?"

"ተስማምቶኛል እንጂ። ብርዱን ማን ይናፍቃል?" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና፣ እንደ ዋዛ፣ "ዳማውን ለዚያ ለጎረቤታችን ስጪው" አሉኝ። "አደራ ሳይሆን፣ ለሁልጊዜ። ኮርቻውንም አብረሽ ስጪው።"

እዚህ ላይ አገራችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ ዘንድ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት፣ ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ለቅሶው ላይ ይሳባል። ሬሳውን አይቶ ከሚያለቅሰው ሰው ይልቅ ያንን ባዶ ኮርቻ አይቶ የሚያለቅሰው ይበልጣል። ስለዚህ ያረጀ ፈረሰኛ የመጨረሻ ፈረሱን አይሸጥም፣ አይሰጥም። ጋሪ ባይጎትት፣ ባይጫንም፣ ለዚያች አንድ ቀን ያኖረዋል። አባቴ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ኮርቻውንም አብረሽ ስጪው አሉኝ።

እንግዲህ "አይሆንም" ማለት ነበረብኝ። "አባባ፣ በረንዳው ላይ ያልኩትን ይርሱት፣ ተነሡ እንሂድ፣ ቤትዎ ነው፣ ለቅሶዎም አገርዎ ላይ ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ቆሰበር በዓይኔ መጣ፤ ጉሙ፣ የውሃ ማሞቂያው ጀበና፣ የትራሱ ክምር፣ ያ ፉጨት። ደግሞ የሚያምር ትንፋሻቸውን ሰማሁ። ለማን ብዬ እንደሆነ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

"እሺ አባባ" አልኩ።

"ጎሽ" አሉ፤ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ዞሩ።

ቅዳሜ ጥዋት መናኸሪያ የሸኘኝ ወንድሜ ነው። አባቴ ከግቢው በር ላይ ጉንጬን ስመው፣ መርቀው፣ "እኔ ያቺን ውሃ ላጠጣ" ብለው በባጃጅ ሄዱ። ዞረው አላዩም። አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አለቅሳለሁ ብዬ መሃረቤን አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀስኩም። ከተማዋን ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አዳማ ሰው ሲወርድ ነቃሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ። አዲስ አበባ አልጋ ይዤ አደርኩ፤ ማንም አልቀሰቀሰኝም። በማግስቱም ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያንን የዓባይ ጠመዝማዛ እንኳ ሳላየው ተኝቼ አለፍኩ። ሰው አባቱን ሰው አገር ጥሎ እንዲህ ይተኛል?

ማታ ቤቴ ገብቼ መብራት ሳበራ ስልኬ ጠራ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።

"ደረስሽ?" አሉ አባቴ።

"ደረስኩ አባባ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ? እሷስ እንዴት ናት?"

"ገና ናት። እሷን ተያት" አሉ። ከዚያ፣ "መንገዱን ተኛሽ?" አሉኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር።

"ተኛሁ" አልኳቸው። "መንገዱን ሙሉ ተኛሁ።"

"እሰይ ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው የምር ደስ ያለው ነበር። "እሰይ። በይ አሁንም ተኚ።"